ያውቁ ኖሯል? ቀለሙ የጠፋ ፍሳሽ ከባለ ቀለሙ ሊብስ ይችላል

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ ታክሞ እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ቢልም፣ መርዝነቱ ከቀድሞው ሊብስ ይችላል።

በፋብሪካዎች በብዛት የሚሠራባቸው አዞ የተባሉት ቀለሞች ኦክስጅን በሌለበት ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያ ሲሰባብራቸው ቀለማቸው ይጠፋል። በምትኩ ግን አሮማቲክ አሚን የሚባሉ ቀለም አልባ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ አንዳንዶቹ ካንሰር አምጪ ናቸው። ፍሳሹ ቀጥሎ አየር ወደሚነፋበት ገንዳ የሚገባው እነዚህ አሚኖች እንዲፈርሱ ነው።

ዓይን የሳተውን የወጥ ቤቱ ሽንኩርት ያጋልጣል። ግርጌው የታከመውን ውሃ እየነካ ጥቂት ቀናት ይቀመጥና የሥሩ ርዝመት በንጹህ ውሃ ከበቀለው ጋር ይነጻጸራል። የሥሩን እድገት በግማሽ የሚቀንሰው በውሃ ውስጥ ያለ የፍሳሽ መጠን የመርዝነቱ መለኪያ ይሆናል። የሥሩ ጫፍ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ ክሮሞሶሞቹ መጎዳት አለመጎዳታቸው ይለያል። በ1938 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው አልበርት ሌቫን የጀመረው ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል፤ ርካሽም ነው!

ነገሩ ለእስቴና ለስማዳ ወረዳዎች ሩቅ አይደለም። በኢጣሊያ የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቆመው ዓባይ ዳር ነው፤ ዓባይም ጢስ ዓባይን አልፎ የእነዚህን ወረዳዎች ቆላ እየታከከ ይወርዳል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በበኩሉ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ታስቦ የተሠራ ነው።