ውሸት በመሣሪያ ይታወቃልን?

በአሜሪካ አገር በስለላ ድርጅት ወይም በጠረፍ ጥበቃ ፖሊስነት ለመቀጠር የሚያመለክት ወጣት፣ ዲፕሎማውን ካቀረበና ቅጹን ከሞላ በኋላ ብዕርና ወረቀት የማይጠይቅ ሌላ ፈተና ይቆየዋል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሁለት ቱቦዎች፣ አንዱ በደረቱ አንዱ በሆዱ ዙሪያ ይታሰራሉ፤ ሐኪም የደም ግፊት የሚለካበትን የመሰለ ጨርቅ በክንዱ ይጠመጠማል፤ በጣቶቹም ላይ ላቡን የሚከታተሉ ትንንሽ ብረቶች ይደረጋሉ። ከዚያም መርማሪው ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ «አዎን» ወይም «የለም» ተብለው ብቻ የሚመለሱ ጥያቄዎችን ያቀርብለታል። የመንግሥትን ምሥጢር ለባዕድ አሳልፈህ ሰጥተህ ታውቃለህን? ከውጭ አገር ሰው ጋር የደበቅኸው ግንኙነት አለህን? የመንግሥትን ምሥጢር ለማየት የሚሰጠው ፈቃድ፣ ከፈቃዱም ጋር እንጀራው፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ባለው አተነፋፈሱ ላይ ይንጠለጠላል።

ይህ መሣሪያ ፖሊግራፍ ይባላል። «የውሸት መርማሪ» የሚለው ስም የወጣለት በጋዜጦች ነው፤ ስሙም ከሥራው እጅግ የበለጠ ነው። መሣሪያው የሚመዘግበው ትንፋሽን፣ የደም ግፊትን፣ የልብ ምትንና የቆዳን ላብ ብቻ ነው። ውሸት የራሱ የሆነ ምልክት በሰው አካል ላይ የለውም። ሰው ሲዋሽ ልቡ ሊመታ ይችላል፤ ሳይዋሽ ሥራውን እንዳያጣ ሲፈራም ይመታል፤ በሐሰት መጠርጠሩ ሲያናድደውም እንዲሁ። እነዚህን ሦስቱን የሚለይ መርፌ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

መሣሪያውን በ1921 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ከተማ የሠራው ጆን ላርሰን የተባለ የተማረ ፖሊስ ነበር። በዚያው ዘመን ዊልያም ማርስተን የሚባል የሥነ ልቡና ሊቅ በደም ግፊት ብቻ ውሸትን አውቃለሁ ብሎ ተነሣ፤ በ1923 ግን የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዘዴው በሊቃውንት ዘንድ ገና ተቀባይነት የለውም ሲል ማስረጃውን ሳይቀበለው ቀረ። ይኸው ማርስተን በኋላ «ወንደር ዉማን» የተባለችውን የሥዕል ታሪክ ጀግና ፈጠረ። የጀግናይቱ ገመድ የታሰረበትን ሰው ሁሉ እውነት ያናግራል። ፍርድ ቤት የከለከለውን በሥዕል አገኘው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የአጠያየቁ ዘዴ ነው። በብዙ ቦታ በሚሠራበት አንድ ዘዴ፣ መርማሪው በትልልቆቹ ጥያቄዎች መካከል «የሚያምንህን ሰው ዋሽተህ ታውቃለህን?» የሚል ያስገባል። ይህን ያላደረገ ሰው እንደሌለ መርማሪው ያውቃል፤ ተመርማሪው እያፈረ «የለም» እንዲል ይጠብቃል። ንጹሕ ሰው በዚህ ትንሽ ጥያቄ ይበልጥ ይደነግጣል፣ ሰላይ ግን በትልቁ ይደነግጣል ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ ኅሊናው ስለ ትንሹ ነገር የማይወቅሰው፣ «ሰላይ ነህን?» ሲባል ግን ደሙ የሚፈላ ሰው ምን ይሁን? በዚህ ሒሳብ ወዳቂው እሱ ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ለእንዲህ ያለ ሥራ ቢያመለክት ነገሩን መገመት አያዳግትም። ቅጹ ውጭ አገር ያሉትን ዘመዶችና ወዳጆች ይጠይቃል። አክስቱ ጎንደር ናት፤ የአጎቱ ልጅ ዱባይ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ስልክ ይደውላል፤ ለበዓልም ገንዘብ ይልካል። ስለ ውጭ አገር ግንኙነት ሲጠየቅ ያልጻፈው ዘመድ ትዝ ብሎት ልቡ ቢዘል፣ ሠንጠረዡ ላይ የሚታየው ዝላዩ እንጂ ዘመዱ አይደለም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2002 ጉዳዩን መርምሮ አንድ ምሳሌ አቀረበ። 10,000 ሠራተኞች ቢኖሩና ከነሱ 10 ሰላዮች ቢሆኑ፣ ፈተናው ጠብቆ 8ቱን ሰላዮች እንዲይዝ ከተደረገ 1,600 ያህል ንጹሓን ሰዎችም አብረው ይወድቃሉ። ንጹሓኑ እንዳይጎዱ ላላ ቢደረግ ደግሞ የሚወድቁት ንጹሓን ወደ 40 ይወርዳሉ፤ ነገር ግን ከ10ሩ ሰላዮች 8ቱ ያመልጣሉ። አካዳሚው መሣሪያው ሠራተኛን ለማጣራት የሚታመን አይደለም አለ። ከዚያ በፊት በ1988 የወጣው ሕግ አብዛኞቹን የግል ቀጣሪዎች ከልክሎ ነበር፤ መንግሥት ግን ራሱን ከክልከላው አወጣ።

ለምን? መልሱን ፕሬዚደንት ኒክሰን በ1971 በቢሮአቸው ሲናገሩ በተቀረጸው ድምፅ ውስጥ እናገኘዋለን፤ ትክክለኛነቱን እንደማያውቁ፣ ሰውን እንደሚያስፈራ ግን እንደሚያውቁ ተናግረዋል። የፈራ ሰው ደግሞ ይናዘዛል። በአገራችንም ሌባ ሻይ የሚባል ነበረ። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን ስቶ ሲሮጥ፣ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍል ነበር። ሌባ ሻይ ይመጣል መባሉ ብቻ የተሰረቀውን ዕቃ ያስመልስ እንደ ነበር ይነገራል። መድኃኒቱ ሌባ ያውቅ ነበር የሚል ግን ዛሬ አይገኝም።

በታኅሣሥ 1985 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ሹልትዝ፣ አትታመንም በተባልሁበት ቀን ሥራዬን እለቃለሁ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ሚኒስትር እንዲህ ማለት ይችላል። አዲስ አመልካች ግን ገና የሚለቀው ሥራ ስለሌለው ቱቦው ይታሰርለታል።

ስለ ሰላዮቹ ከተነሣ የኦልድሪች ኤምስን ነገር ማስታወስ ይገባል። የስለላው ድርጅት ባልደረባ ሆኖ ከ1985 ጀምሮ ለሶቪየት ኅብረት ይሠራ ነበር። በ1986ና በ1991 በፖሊግራፍ ተመርምሮ ሁለቱንም ጊዜ አለፈ። ሶቪየቶቹ የሰጡት ምክር ቀላል ነበር፤ ሌሊቱን ደኅና ተኛ፣ ከመርማሪው ጋር ተግባባ፣ አትረበሽ። የጦር ሚኒስቴር የስለላ ክፍል ባልደረባ የነበረችው አና ሞንቴስም ለኩባ እየሠራች በ1994 ፈተናውን አልፋ እስከ 2001 ሳትያዝ ቆይታለች። ኤምስ በ1989 አንድ ቤት በ540,000 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ገዛ፤ ደመወዙ ያን ያህል የሚያስገዛ አልነበረም። ባልደረቦቹ የባንክ ሒሳቡን አስመጥተው ገንዘቡ የገባባቸውን ቀኖች ከሶቪየት ዲፕሎማት ጋር ምሳ ከበላባቸው ቀኖች ጋር አስተያዩ። በየካቲት 1994 ተያዘ።