አዲሱ ላፕቶፕ መጣ፤ ዊንዶውሱስ የማን ነው?

አሮጌ ላፕቶፕ ሸጦ የተሻለ መግዛት ለብዙዎቻችን የተለመደ ነው። በተለይ ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ፣ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ማሽን የያዘ ሁሉ ስለ መቀየር እያሰበ ነው። ስንገዛ ስለ ራም እንጠይቃለን፣ ስለ ባትሪው እንከራከራለን። «ዊንዶውሱስ?» ስንል ግን ሻጩ «እሱን እኛ እንጭናለን» ይላል፣ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። በኔ እይታ መጀመር ያለበት ገና እዚያ ላይ ነው፤ የተከፈለበት ፈቃድ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይሄዳል ወይስ አይሄድም?

መልሱ ፈቃዱ የናንተ ነው ወይስ የማሽኑ በሚለው ይወሰናል። ዊንዶውስ ተጭኖበት ከፋብሪካ የወጣ ላፕቶፕ ያለው ኦኢኤም የሚባለው ፈቃድ ነው። ይሄ የማሽኑ ነው፤ ላፕቶፑ ሲሸጥ አብሮ ይሸጣል፣ ማዘርቦርዱ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሪቴይል የሚባለው ደግሞ ለብቻው የሚገዛ፣ ባለ 25 ፊደልና ቁጥር ቁልፍ ነው። እሱ የናንተ ነው። ከአሮጌው ካነሳችሁት ወደ አዲሱ ትወስዱታላችሁ፣ በአንድ ጊዜ ግን አንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ። ድርጅቶች በብዛት የሚገዙት ቮልዩም ፈቃድ የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ሠራተኛው ይዞት አይወጣም።

አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ለምን የተለያየ መብት ኖረው? ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ጉዳዩ የቴክኖሎጂ ሳይሆን የዋጋ ነው። አምራቾች በገፍ ስለሚገዙ በቅናሽ ያገኙታል፣ በምትኩ ፈቃዱ ከማሽኑ ጋር ይታሰራል። አሜሪካ ውስጥ ዊንዶውስ 11 ሆም ለብቻው 139 ዶላር፣ ፕሮው ደግሞ 199 ዶላር ነው። ያን ያህል የሚከፍል ሰው አብሮ የሚገዛው ይዞት የመሄድን መብት ነው።

የናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አንድ ላይ ተጫኑ። በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ቦታ ትታችሁ ስላሽ፣ ከዚያ ዲ፣ ኤል፣ አይ። ትንሽ ቆይቶ ብቅ የሚለው መስኮት ሪቴይል፣ ኦኢኤም ወይም ቮልዩም መሆኑን ይነግራችኋል።

የኛን ገበያ በቀጥታ የሚነካው ነገር እዚህ ጋ ነው። ያገለገሉ ሆነው ከውጭ የሚገቡ ላፕቶፖች ውስጥ ብዙዎቹ የኩባንያ ዕቃ የነበሩ ናቸው። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ተጭኖባቸው የወጡት አብዛኞቹ ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ተጽፏል። ፎርማት ቢደረግም አይጠፋም! ያንኑ ዓይነት፣ ማለትም ሆም ከሆነ ሆም፣ ፕሮ ከሆነ ፕሮ፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በነፃ አውርዳችሁ ብትጭኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሕጋዊው ፈቃድ ቺፑ ውስጥ ተቀምጦ እላዩ ላይ ክራክ ሲጫን ያሳዝናል። ክራኩን ለማስገባት ደግሞ መጀመሪያ አንቲቫይረሱ ይጠፋል። በዚያ ላፕቶፕ የባንክ አፕና የሥራ ኢሜይል የሚከፍት ሰው ምን እየከፈለ እንደሆነ ያስላው።

ቴሌግራም ላይ በርካሽ የሚቸበቸቡት ቁልፎችም ብዙ ጊዜ ከየድርጅቱ የሾለኩ የቮልዩም ቁልፎች ናቸው። ዛሬ ይሠራሉ፣ ነገ ማይክሮሶፍት ሲያግዳቸው ብራችሁን የሚመልስ የለም።

ፈቃዳችሁ ሪቴይል ከሆነ አሮጌውን ከመሸጣችሁ በፊት በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ግቡበትና አክቲቬሽን የሚለው ገጽ ላይ ፈቃዱ ከአካውንቱ ጋር መያያዙን አረጋግጡ። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ ያንኑ ትዕዛዝ ጻፉ፣ መጨረሻው ብቻ ዩ፣ ፒ፣ ኬ ይሁን፤ ቁልፉ ይነሳል። አዲሱ ላይ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን ገብታችሁ ቁልፉን አስገቡ። እምቢ ካለ በዚያው ገጽ ትራብልሹት የሚለውን ነክታችሁ በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ የሚለውን ምረጡ።

ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የስልካችሁን ሆትስፖት አብሩና ያንን ትዕዛዝ ሻጩ ፊት ጻፉት። ቮልዩም ካለ ዋጋው ላይ እንደገና ተነጋገሩ።