የጽጌረዳው ጨዋታና የቸነፈሩ ታሪክ

ሕፃናት እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ክብ ሠርተው ሲዞሩና ሲያዜሙ ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። ነቢዩ ዘካርያስ ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ ሲናገር፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች በአደባባይዋ መጫወታቸውን ከበረከቷ ምልክቶች ጋር ቈጥሮታል። ስለዚህ የልጆች ጨዋታ እንደ ተራ ነገር የሚናቅ አይደለም፤ ስለ ጨዋታው የሚነገረውም ወሬ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም።

በእንግሊዝኛ ከሚዜሙት የሕፃናት ጨዋታዎች መካከል ስለ ጽጌረዳ አበባ የሚናገረው እጅግ የታወቀ ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ በኪስ ስለ ተያዘ አበባ ያዜማሉ፤ ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር የማስነጠስን ድምፅ ያሰማሉ፣ በአሜሪካ ደግሞ አመድን ይጠራሉ፤ በመጨረሻ ሁሉም ባንድነት መሬት ላይ ወድቀው ይሥቃሉ። በውጭ አገር የሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆችም ይህን ጨዋታ ከመዋዕለ ሕፃናት ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ።

ከእነዚህ ልጆች የአንዲቱ እናት ከቅዳሴ በኋላ አግኝተውኝ፣ «ልጄ የምታዜመው የሙታን ዘፈን ነው አሉኝ፤ ልከልክላት ይሆን?» ሲሉ በጭንቀት ጠየቁኝ። የሰሙት ወሬ በብዙ አገር የተሠራጨ ነው። ዜማው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1665 ዓ.ም. ለንደንን ከመታው ቸነፈር የተወለደ ነው ይባላል። ጽጌረዳው በበሽተኛው ገላ ላይ የሚወጣ ቀይ ክብ ምልክት፣ የኪሱ አበባ ክፉ ሽታን ለመከላከል የሚያዝ መድኃኒት፣ ማስነጠሱ የሞት መቃረቢያ፣ መውደቁም ራሱ ሞት ነው ተብሎ ይተረጐማል።

ቸነፈሩ በእውነት የደረሰ መዓት ነው። በዚያ ዓመት በለንደን የሟቾች መዝገብ በቸነፈር እንደ ሞቱ የተጻፉት ከ68,000 በላይ ናቸው፤ ያልተመዘገቡት ሲታከሉ ቁጥሩ ወደ 100,000 እንደሚደርስ የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ። በሽተኛ የተገኘበት ቤት ከነቤተ ሰቡ ይዘጋ፣ በደጁ ላይ ቀይ መስቀል ይሣልና እግዚአብሔርን ምሕረት የሚለምን ቃል ይጻፍበት ነበር። ዘበኛም በደጅ ይቆም ነበር። በዚያ ዘመን በሽታው ከተበላሸ አየር ይመጣል ተብሎ ስለ ታመነ፣ ሰዎች መልካም ሽታ ያላቸውን ቅጠላ ቅጠሎችና አበቦች ይይዙ እንደ ነበረም እውነት ነው። የበሽታው ተሐዋሲ የታወቀው ግን ዘግይቶ፣ በ1894 ዓ.ም. አሌክሳንደር የርሳን የተባለው ሐኪም በሆንግ ኮንግ ባገኘው ጊዜ ነው። ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ቁንጫ መሆኑም ከዚያ በኋላ ተረጋገጠ።

ነገር ግን ቸነፈሩ እውነት መሆኑ የዜማውን ወሬ እውነት አያደርገውም። ሳሙኤል ፔፒስ በለንደን ተቀምጦ መዓቱን ዕለት ዕለት በማስታወሻው ሲጽፍ፣ ዳንኤል ዲፎም በ1722 ዓ.ም. ስለዚያ ዓመት ሰፊ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ይህን የልጆች ጨዋታ አላነሡም። ዜማው በእንግሊዝ አገር በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው ኬት ግሪናዌይ በ1881 ዓ.ም. ባሳተመችው የሕፃናት መጽሐፍ ነው፤ ይህም ከቸነፈሩ 216 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ማስነጠስ የለም፤ በስፍራው ያለው ዝም የሚያሰኝ ቃል ነው። የበሽታው ዋና ምልክትም በብብት፣ በአንገትና በብሽሽት የሚወጣ እብጠት እንጂ ማስነጠስ አልነበረም። የቸነፈሩ ትርጓሜ በሰፊው የተሰማው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የልጆችን ጨዋታ ሲያጠኑ የኖሩት ባልና ሚስት፣ ፒተርና አዮና ኦፒ፣ በ1985 ዓ.ም. በወጣው መጽሐፋቸው ይህን ትርጓሜ መርምረው አልተቀበሉትም።

እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ነንና፣ ቃል ከላይ ከሚታየው በታች ሌላ ምሥጢር ሊይዝ እንደሚችል እናውቃለን። ይሁን እንጂ የቅኔ መምህር ወርቁን የሚያወጣው ባለቅኔው በሰሙ ውስጥ ስላኖረው ነው። ባለቅኔው ያላኖረውን ወርቅ ሰሚው ከኪሱ አውጥቶ ቢጨምርበት ቅኔ ፈቺ አይባልም። በጽጌረዳው ጨዋታ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ይልቁንስ ስለዚያ ቸነፈር ለልጆች ሊነገር የሚገባ እውነተኛ ታሪክ አለ። በደርቢሸር አውራጃ ኢያም የምትባል መንደር አለች። በ1665 ዓ.ም. ከለንደን ወደ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት በመጣ ጨርቅ ምክንያት በሽታው ገባባት ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ ወር ሞቱ ሲበረታ፣ ወጣቱ ቄስ ዊልያም ሞምፐሶንና ከእርሳቸው በፊት በሥርዐተ አምልኮ ክርክር ከደብሩ የተነሡት ቶማስ ስታንሊ ልዩነታቸውን ትተው ተባበሩ። ሕዝቡም በሽታውን ወደ ጎረቤት እንዳያደርስ ከመንደሩ ላይወጣ ተስማማ። የዴቮንሽር ባላባት ምግብ ላኩላቸው፤ የአካባቢው ሰዎች ስንቁን በመንደሩ ወሰን ላይ አስቀምጠው ሲሄዱ፣ መንደርተኞቹ ዋጋውን በሆምጣጤ ነክረው ይተዉላቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ጸሎት በሜዳ ላይ ይደረግ ጀመር።

ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የተባሉ እናት በነሐሴ ወር በ8 ቀን ውስጥ ባላቸውንና 6 ልጆቻቸውን በገዛ እጃቸው ቀበሩ። የቄሱ ባለቤት ካትሪን በሽተኞችን ሲረዱ ቈይተው በዚያው ወር ዐረፉ። ቸነፈሩ እስኪያበቃ ድረስ በመንደሪቱ ወደ 260 ሰዎች እንደ ሞቱ ይነገራል። የኢያም ሰዎች ዛሬም በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ እሑድ እነዚያን ሰዎች ያስባሉ።

እንግዲህ ለእኒያ እናት የሰጠኋቸው መልስ ይህ ነው፦ «ልጅዎን አይከልክሏት፤ ጨዋታው ንጹሕ ነው። ያልተረጋገጠውን ወሬ ግን በልጅ ልብ ላይ አንጫን፤ በሐሰት እንዳንመሰክር የታዘዝነው ስለ ሰው ብቻ አይደለምና። ስታድግ ስለ ቸነፈሩ ብትጠይቅዎ፣ ሌላው እንዳይሞት ብለው በፈቃዳቸው ደጃቸውን የዘጉትን ሰዎች ይንገሯት።»

እናቲቱም ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «ልጆቹኮ ወድቀው አይቀሩም፤ እየሣቁ ይነሣሉ» አሉኝ። ልጃቸውንም በእጃቸው ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።