ያውቁ ኖሯል? ሐያሲ ፈርዶ አልበም ይግባኝ ሲል

የሙዚቃ ሐያሲ እንጀራው መስማት ነው። ችግሩ ጋዜጣው ቀን ቆርጦ ይጠብቀዋል፤ ባንዱ ወራት የለፋበትን ሥራ እሱ በጥድፊያ ሰምቶ መፍረድ አለበት። ከተለመደው ወጣ ያለ የሮክ አልበም ሲመጣ ደግሞ ጥድፊያው ያጋልጠዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

● በ1967 የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» ወጥቶ ዓለም ሲያጨበጭብ፣ የ«ኒው ዮርክ ታይምሱ» ሪቻርድ ጎልድስቲን አልበሙን እንደተሞላቀቀ ልጅ ቆጥሮ እንዳጣጣለው ያውቁ ኖሯል? ኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ያን ጊዜ ከስቴሪዮው ስፒከሮች አንዱ ተበላሽቶ ነበር! አልበሙ በ1968 የግራሚን «የዓመቱ ምርጥ አልበም» ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የሮክ ሥራ ሆነ።

● «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት በ1969 የሌድ ዜፕሊንን የመጀመሪያ አልበም ከጄፍ ቤክ ቡድን የተሻለ ነገር አላመጣም ብሎ ነበር። ባንዱ ከፕሬስ ጋር ተኮራርፎ ቆየ። በ1971 አራተኛ አልበሙን ሲያወጣ በሽፋኑ ላይ ስሙንም ርእስም አልጻፈም፤ ሙዚቃው ራሱ ይናገር ማለቱ ነበር። ያ ስም የለሽ አልበም በአሜሪካ ብቻ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

● የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም በአንድ ቀን ተቀርጾ፣ ዓርብ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ለገበያ መቅረቡን ያውቁ ኖሯል? ስመ ጥሩ ሐያሲ ሌስተር ባንግስ በ«ሮሊንግ ስቶን» ላይ ክሪም የተባለውን ባንድ የሚኮርጁ፣ ግን የማይደርሱበት ናቸው ሲል አብጠለጠላቸው። ዛሬ ሄቪ ሜታል ከየት ተነሣ ሲባል በመጀመሪያ የሚጠራው ያ አልበም ነው።

● ያው ባንግስ ግን ሌሎቹ የሸሹትን ሲያወድስም ይገኛል። የሮክ ሙዚቀኛው ሉ ሪድ በ1975 ያወጣው «ሜታል ማሺን ሙዚክ» ግጥም የለው፣ ዜማ የለው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚዘልቅ የጊታር ጩኸት ነው። የሸክላው አራተኛ ገጽ መጨረሻ ላይ መርፌው አንድ ቦታ እየዞረ እንዲቀር ተደርጎ ስለተሠራ፣ ተነሥተው ካላነሡት ጩኸቱ አያባራም። «ሮሊንግ ስቶን» ከማቀዝቀዣ ሲቃ ጋር አመሳሰለው፤ ባንግስ በ«ክሪም» መጽሔት አሞገሰው። በ2002 ዛይትክራትዘር የተሰኘ የጀርመን ቡድን ያንኑ ጩኸት በኖታ አስጽፎ፣ በርሊን ውስጥ በቫዮሊንና በትንፋሽ መሣሪያዎች ተጫወተው።

● ሉ ሪድ በ1978 ባወጣው የመድረክ አልበም ውስጥ፣ ለአልበሞች እንደ ትምህርት ቤት ፈተና ማርክ የሚሰጠውን ሐያሲ ሮበርት ክሪስጋውን በስሙ ጠርቶ ሰድቦታል። ክሪስጋውስ ምን አደረገ? ስሜን አስተካክሎ ስለጠራልኝ አመሰግናለሁ ብሎ፣ ለአልበሙ «ሲ ፕላስ» ሰጠው።

● ጄትሮ ታል በ1973 ያወጡት «ኤ ፓሽን ፕሌይ» በሐያስያን ብዕር ሲብጠለጠል፣ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ግን አንደኛ ወጥቶ ነበር።

● ፍሌሚንግ ሊፕስ በ1997 ያወጡት «ዛይሪካ» አራት ሲዲ ሲሆን፣ አራቱም በአራት ማጫወቻ በአንድ ጊዜ ካልተከፈቱ ሥራው ሙሉ እንደማይሆን ያውቁ ኖሯል? ወዳጅ ጠርቶ፣ ማጫወቻ ተዋውሶ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ መክፈት ነው። የሙዚቃ ሂስ ድረ ገጹ «ፒችፎርክ» የሰጠው ነጥብ ከ10 ዜሮ!

● ሬዲዮሄድ በ2000 ጊታሩን ገፋ አድርገው በኤሌክትሮኒክ ድምፅ «ኪድ ኤ»ን ሲሠሩ፣ የእንግሊዙ «ሜሎዲ ሜከር» ከአምስት ኮከብ አንድ ተኩል ሰጣቸው። አልበሙ በብሪታንያም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ። አሥር ዓመቱ ሲያልቅ «ሮሊንግ ስቶን» የአሥርቱ ምርጥ አልበም አለው። ለፍትሕ ያህል፣ «ፒችፎርክ» ገና በወጣበት ሰሞን ከ10 አሥር ሰጥቶታል።

● በ2008 «ማክሲም» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የብላክ ክሮውስን «ዋርፔይንት» አልበም ጸሐፊው ሳይሰማው ሁለት ተኩል ኮከብ መስጠቱን ያውቁ ኖሯል? ባንዱ ሲጮኽ መጽሔቱ ይቅርታ ጠየቀ።

● «ፒችፎርክ» በ2021 ከቀድሞ ነጥቦቹ አንዳንዶቹን ከልሷል። በ2003 ዜሮ ተሰጥቶት የነበረው የዘፋኟ ሊዝ ፌር አልበም ወደ 6 ከፍ አለ፤ ሂሱን የጻፈው ሰው ቀድሞ በ2019 ይቅርታ ጠይቋት ነበር።

እንግዲህ ሐያሲው ራሱ ማርኩን የሚያርም ከሆነ፣ እርስዎ ኮከብ ቆጥረው አልበም የሚጥሉበት ምክንያት የለም። ሂሱን ያንብቡ፤ ግን አልበሙን ደጋግመው ካደመጡ በኋላ ይሁን።