የጀሞ በረንዳ ኦርኪድና የማሳ ማዳበሪያ

አዲስ አበባ፦ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጀሞ አካባቢ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችን በረንዳ ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው የከተማ ግብርና ምን እንደሚመስል ይረዳል። በተቆረጠ ጀሪካን ጎመን፣ በቀለም ባልዲ ጤና አዳምና በሶብላ ይበቅላል። ኅዳር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ትኩረቱ ከማዕድ ላይ ቢሆንም፣ በቤት ውስጥ ተክል የማልማት ፍላጎትንም አነቃቅቷል። ከአትክልቱ ጎን የጌጥ አበባም ቦታ አግኝቷል። ከእነዚህ መካከል ለባለቤቱ ብዙ ጥያቄ የሚያመጣው ኦርኪድ ነው።

ኦርኪድ በዋጋው ከሌሎች የቤት አበቦች ከፍ ይላል። ብዙ ጊዜ በስጦታ ይገባል፤ ለወራት ፈክቶ ይቆይና አበባው ይረግፋል። ባለቤቱም “ምግብ ጎድሎት ይሆናል” ብሎ ማዳበሪያ ፍለጋ ይወጣል። በቅርብ የሚገኘው ደግሞ ለማሳ የተዘጋጀው ዩሪያ ወይም ኤንፒኤስ ነው። በማንኪያ ተለክቶ ማሰሮው ላይ ይበተናል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የቅጠሉ ጫፍ ይጠቁራል፤ ሥሩም ቡናማ ሆኖ ይሟሽሻል።

ነገሩ በስሌት ሲታይ ግልጽ ይሆናል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። አንድ አርሶ አደር በሄክታር አንድ ኩንታል ዩሪያ ቢጠቀም ለአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 10 ግራም ብቻ ነው። አፉ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የአበባ ማሰሮ ላይ ሲሰላ ደግሞ ከአንድ ግራም ሩብ እንኳ ያነሰ ይሆናል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ ግን ወደ 4 ግራም ይመዝናል። በረንዳ ላይ በአንድ ማንኪያ የተበተነው እንግዲህ በማሳ ከሚደረገው ከ20 እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ያንን የሚሸከም አፈርም በማሰሮው ውስጥ የለም።

አፈር አለመኖሩ የጉዳዩ ዋና ነጥብ ነው። በገበያ የሚገኙት አብዛኞቹ ኦርኪዶች በተፈጥሯቸው በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው የሚያድጉ ናቸው። ዛፉን አይመጠምጡም፤ መቆሚያ ብቻ ያደርጉታል። የሚመገቡት ዝናብ ከቅጠልና ከግንድ አጥቦ የሚያወርደውን፣ በቅርንጫፍ ስንጥቅ የበሰበሰውን ብጣሽ ቅጠልና ከሥራቸው ጋር የሚኖሩ ፈንገሶች የሚያቀብሏቸውን ነው። እንዲህ ያለው ኑሮ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በካፋ፣ በሸካና በኢሉባቦር የቡና ደኖች ግንዳቸው ሽበት በተከናነበ ዛፎች ላይ የአገር ኦርኪዶች ይኖራሉ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ ባለሙያዎች ጋር ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች የመስክ መጽሐፍ በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ በአገሪቱ የሚገኙት ዝርያዎች ከ150 በላይ ናቸው። አንዳቸውም ማዳበሪያ የሚያርከፈክፍላቸው አልነበረም።

ስለዚህ የቤት ኦርኪድ የሚተከለው በዛፍ ቅርፊት፣ በከሰልና በሸክላ ስባሪ ድብልቅ ነው። በዚህ ድብልቅ ውስጥ ዩሪያ ሌላም ችግር አለበት። ዩሪያ በማሳ ላይ የሚሠራው የአፈር ጥቃቅን ነፍሳት ወደ አሞኒየም፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ስለሚለውጡት ነው። በቅርፊትና በከሰል መካከል ይህ ሥራ ዘገምተኛ ነው። ለኦርኪድ ማዳበሪያ ሲመረጥ በመያዣው ላይ ናይትሮጅኑ በምን መልክ እንዳለ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ናይትሬትና አሞኒየም የበዛበት፣ ዩሪያ ያነሰበት ይመረጣል።

ኤንፒኤስም ቢሆን ለዚህ ሥራ አልተዘጋጀም። በኩንታሉ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ ፎስፌትና 7 ኪሎ ሰልፈር ሲኖረው ፖታሲየም የለውም። “ፎስፈረስ አበባ ያወጣል” የሚለው አባባል ሰዎችን ወደዚህ ይመራል። አባባሉ ግን ለኦርኪድ አይሠራም። በብዛት የሚሸጠው ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ዓይነት የአበባ ዘንግ እንዲያወጣ የሚቀሰቅሰው የአየሩ ቀዝቀዝ ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለሚኖር የጀሞ ነዋሪ ቅዝቃዜ በነፃ የሚገኝ ነው፤ እንዲያውም ይበዛል። ፋሌኖፕሲስ የቆላ ተክል በመሆኑ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት በረንዳ ላይ ማሳደር ይጎዳዋል። ለደጅ የሚስማማው ብርድ የሚችለው ሲምቢዲየም ነው።

ተገቢው ማዳበሪያ በውኃ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟው ነው። በሆለታ፣ በሰበታና በቢሾፍቱ ያሉ የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳቸውን የሚመግቡት በውኃ በሟሟ ማዳበሪያ ነው። ለቤት በጣም የሚመቸው ናይትሮጅን፣ ፎስፌትና ፖታሽን በእኩል የያዘው 20-20-20 የሚባለው ነው። መጠኑ አንድ የሻይ ማንኪያ ለ10 ሊትር ውኃ ነው። በዚህ ልኬት በሊትር 100 ሚሊ ግራም ገደማ ናይትሮጅን ይኖራል፤ ለኦርኪድ በቂ ነው። አንድ ማንኪያ ዩሪያ በአንድ ሊትር ውኃ ቢበጠበጥ ግን ከ1 ሺህ 700 ሚሊ ግራም በላይ ይሆናል። ካልሲየም ናይትሬት ያገኘ ሰው ለብቻው በሌላ ሳምንት ይስጥ። ፎስፌት ካለበት ማዳበሪያ ጋር በወፍራሙ ከተቀላቀለ እንደ ኖራ ይዘቅጥና ሁለቱም ይባክናሉ።

አሰጣጡ ከምርጫው ያላነሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የደረቀ ሥር ላይ ማዳበሪያ አይፈስም፤ መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ይረጥባል። ተክሉ አዲስ ቅጠልና ሥር በሚያወጣበት ጊዜ በሳምንት አንዴ ይሰጠዋል። ብርድ ሲበረታ ወይም በክረምቱ ደመና ብርሃን ሲያንስ በወር አንዴ ይበቃል፤ ያልተጠቀመበት ማዳበሪያ ጨው ሆኖ ሥሩ ላይ ይቀራልና። በወር አንድ ጊዜ ማሰሮው ከታች እስኪፈስ ድረስ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። በማሰሮው ከንፈር ላይ ነጭ ቅርፊት የመሰለ ነገር ከታየ እጥበቱ ዘግይቷል ማለት ነው።

ውኃውም ይለያያል። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። የጉድጓድ ውኃ በአብዛኛው ከግድቡ ይልቅ የሟሟ ማዕድን ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ የሚተው ውኃ ማዳበሪያውን ይበልጥ ማቅጠን ያስገድዳል። ከጣሪያ የሚወርደው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ለኦርኪድ ከሁሉም ይሻላል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ዝናብ አጠራቅሞ መጠቀም ሌላም ጥቅም አለው።

የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠልና አመድ አበባ ማሰሮ ላይ መድፋት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። አተላውና ሻዩ ለጎመኑ ኮምፖስት ይሁኑ፤ ኦርኪድ ላይ ግን የአየር ቀዳዳውን ደፍነው ሥሩን ያበሰብሳሉ። አመድም የውኃውን ጠባይ ወደማይስማማው ይለውጠዋል። የትል ማዳበሪያ ያለው ሰው በውኃ ዘፍዝፎ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልሎ፣ የደካማ ሻይ መልክ እስኪይዝ አቅጥኖ ሊሰጥ ይችላል።

ለወረዳ የከተማ ግብርና ባለሙያዎች ደግሞ ሁለት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው የማሳ ማዳበሪያ ነው። ዩሪያና ኤንፒኤስ በውጭ ምንዛሪ ተገዝተው በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ለአርሶ አደሩ የሚደርሱ ናቸው፤ በፌስታል ተቋጥረው ለበረንዳ አበባ መዋላቸው ማሳውንም አበባውንም አይጠቅምም። ሁለተኛው ከጫካ የሚነቀለው ኦርኪድ ነው። ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል በሆነችበት የዱር እንስሳትና እጽዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ኦርኪዶች በሙሉ ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። ከደን ተነቅሎ የመጣ ኦርኪድ ፈንገሶቹንና የለመደውን እርጥበት አጥቶ ስለሚመጣ የትኛውም ማዳበሪያ አያነሳውም። መንገድ ዳር አበባና ችግኝ ለሚሸጡ ወጣቶች የሚሰጠው ሥልጠና ተክሉ ከየት እንደመጣ መጠየቅንና የ10 ሊትሯን ልኬት ቢያካትት፣ ገዢው ከሦስት ወር በኋላ የሞተ አበባ ይዞ አይመለስባቸውም።

በዩሪያ የተቃጠለ ኦርኪድ ያለው ነዋሪ ወዲያው ከማሰሮው ያውጣው። የለሰለሰውን ሥር በንጹሕ ምላጭ ቆርጦ፣ ጠንካራውንና አረንጓዴውን አስቀርቶ በአዲስ ቅርፊትና ከሰል ይትከለው። አዲስ የሥር ጫፍ እስኪታይ ድረስም ውኃ ብቻ ይስጠው።