የድሮ ጌምቦይ መጠገንና ማሻሻል ለምትጀምሩ፦ «የሞተ» ባትሪ አልሞተም!



«ዶክተር፣ ከዲዩቲ ስትወጣ ጭንቀትህን በምን ታበርዳለህ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ዛሬ መልስ አለኝ። የድሮ የእጅ ጌሞችን እፈታለሁ፣ እጠግናለሁ፣ አሻሽላለሁ። እንዴት እንደሚጀመር እነግራችኋለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ይሄው የትርፍ ጊዜ ሥራ እኔን ሐኪሙን አንድ ቀን ድንገተኛ ክፍል አስሩጦኛል።

የጀመርኩት ልጅ ሆኜ አጎቴ ከአሜሪካ ባመጣልኝ ጌምቦይ ከለር ነው። ከዓመታት በኋላ እናቴ ቤት ካርቶን ውስጥ ሳገኘው አልበራ አለኝ። የባትሪ ክዳኑን ስከፍት ውስጡ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይዞ ነበር። «በቃ ሞቷል» ብዬ ልጥለው ነበር፤ ለካ ማጽዳት ብቻ ነው የፈለገው!

ለጀማሪ ለምን ይመረጣል?

የኔንቴንዶ ጌምቦይ በ1989፣ ጌምቦይ ከለር ደግሞ በ1998 የወጡ ናቸው (በፈረንጆች)። የመጀመሪያው በ4፣ ከለሩ በ2 ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ማለትም 6 ቮልትና 3 ቮልት ብቻ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ አይዛችሁም። በዚህ ተማምናችሁ ግን አሮጌ ቴሌቪዥን ወይም ቻርጀር እንዳትከፍቱ! ከእጅ ጌሞችም የሴጋው ጌም ጊር ስክሪኑን የሚያበራው ከፍተኛ ቮልቴጅ በሚፈልግ አምፖል ስለሆነ ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ማጽዳት። ባትሪውን አውጡ። ነጩ ነገር ከባትሪው የፈሰሰ ኬሚካል ነው፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ ጥጥ በትንሽ አቼቶ ነክራችሁ ጥረጉት፤ ከዚያ በአልኮል አጽድታችሁ በደንብ አድርቁት። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹህ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። የካሴቱን የብረት ጥርሶችም በአልኮል ጥረጓቸው። በአፍ «እፍ» ማለት ይቅርባችሁ፤ ምራቁ ብረቱን ያዝገዋል።

2. ልባሱንና ቁልፎቹን መቀየር። የጌምቦይ ብሎን ሦስት ክንፍ ስላለው በተራ ካቻቢቴ አይፈታም፤ የራሱን ካቻቢቴ ግዙ። ስትፈቱ በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ስትገጥሙ ታመሰግኑኛላችሁ።

3. ስክሪን መቀየር። የድሮው ከውስጥ መብራት የለውም፤ መስኮት ሥር ካልተቀመጣችሁ አይታይም። አሁን መብራት ያላቸው መቀየሪያ ስክሪኖች ይሸጣሉ፤ አንዳንዶቹ ያለ ሶልደር የሚገጠሙ ናቸው። ከነዚያ ጀምሩ።

4. ሶልደር። ይህን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ብረቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ይግላል። የሚወጣው ጭስ በአብዛኛው ከሽቦው ውስጥ ካለው ሙጫ ነው፤ አስም ሊቀሰቅስ ስለሚችል መስኮት ክፈቱ። ብዙው የሶልደር ሽቦ ሊድ አለው፤ ወደ ሰውነት የሚገባው ደግሞ በዋናነት ከእጅ ወደ አፍ ነው። እየሠራችሁ አትብሉ፣ ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከቦታው ይራቁ። ከተቃጠላችሁ ለ20 ደቂቃ የቧንቧ ውሃ አፍስሱበት። ኮልጌት፣ ቅቤ፣ ሊጥ አትቀቡ፤ እባካችሁ!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ

ብዙ ካሴቶች ውስጥ ጌሙን ሴቭ የሚያደርግ፣ ሳንቲም የሚመስል 3 ቮልት ባትሪ አለ። ከዓመታት በኋላ ይደክምና ሴቭ ያደረጋችሁት ሁሉ ይጠፋል። እኔም አንድ ቅዳሜ እናቴ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይህን ባትሪ እየቀየርኩ ነበር። አሮጌውን አውጥቼ «የሞተ ነው» ብዬ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተውኩት። ስልክ ላነሳ ወጥቼ ስመለስ ባትሪው የለም። የአንድ ዓመት ተኩሏ የእህቴ ልጅ ደግሞ ወንበሩን ይዛ ቆማ አፏን ታላምጣለች።

አፏን ከፍቼ አየሁ፤ ምንም የለም። ወለሉ ላይም አጣሁት። እናቴ «ኧረ ደህና ናት፣ አታካብድ» አሉኝ። እውነትም አላለቀሰችም፣ አላሳላትም። ግን ይህ ምንም ማረጋገጫ እንዳልሆነ ስለማውቅ ይዣት ሮጥኩ። ራጅ ተነሳች፤ ንጹህ ነው። ባትሪው ማታ የጠረጴዛው ልብስ እጥፋት ውስጥ ተገኘ። ያን ዕለት እህቴን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ለምን ሮጥኩ? ለጌሙ የደከመ ባትሪ ለሕፃን ጉሮሮ አልደከመም። የምግብ ቧንቧ ላይ ሲጣበቅ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ በእርጥቡ ሥጋ ውስጥ አልፎ እንደ ኮስቲክ ሶዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ይፈጥራል። በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ፣ ቧንቧውን ሊበሳም ይችላል። ሲአር 2025 የሚባለው ባትሪ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሕፃን ጉሮሮ ለመቀርቀር የሚበቃ።

ልጅ ባትሪ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፦

• ምልክት አትጠብቁ፤ ወዲያው ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል።
• አታስመልሱት፤ ምግብና መጠጥም አትስጡት።
• ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር፣ እስከ 6 ጊዜ ስጡት። ማር ፍለጋ ግን አትዘግዩ፤ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ማር በፍጹም።
• አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገባም አስቸኳይ ነው፤ ውሃ ወይም ጠብታ አትጨምሩ።

ባትሪ የምትቀይሩ ደግሞ፣ መበየጃ ጆሮ ያለውን ግዙ፤ ባትሪው ላይ በቀጥታ ሶልደር ማድረግ ሊያፈነዳው ይችላል። አሮጌውን ከካሴቱ ባወጣችሁበት ቅጽበት ሁለቱንም ጎን በፕላስተር ጠቅልሉና ክዳን ባለው ዕቃ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ።

እኔ አሁንም እሠራለሁ፤ በር ተዘግቶ፣ ፕላስተሩ ከካቻቢቴው አጠገብ ሆኖ። የቤታችሁን ሪሞት፣ ሚዛንና የመኪና ቁልፍ ዛሬውኑ እዩ፤ ይሄው ባትሪ እዚያም አለ። ትንሽ ልጅ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።

ጤና ይብዛላችሁ!