«አንዴ ከጠራ ደርሻለሁ፣ ሁለቴ ከጠራ ናፍቀሽኛል»
በስልክ ኮድ የተጀመረ ፍቅር በስልክ ኮድ ሲያበቃ

ታሪኩን ያጫወተችን የጎንደር ልጅ ናት፡፡ «ስሜ እንዳይወጣ» ብላ አስምላናለች፤ እኛም ቃላችንን አክብረናል፡፡ ልጁ ደግሞ ትውልዱ ወገራ ነው፡፡ ለሥራ ጎንደር ገብቶ አዘዞ አካባቢ ከአንድ ደባል ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል፡፡ የተዋወቁት በጥምቀት፣ ከፋሲለደስ መዋኛ ሲመለሱ ነው፡፡ መቼም ጎንደር ውስጥ በጥምቀት ያልተያየ ወጣት የለም!

እሷ ተማሪ፣ እሱ ጀማሪ ሠራተኛ፡፡ የካርድ ነገር ሁለቱንም አይሞላላቸውም፡፡ ታዲያ ምን ይሻላል? ሚስኮል!

«አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ ‹ቤት ደርሻለሁ› ነው» ትላለች፡፡ «ሁለቴ ከጠራ ‹ናፍቀሽኛል›፡፡ ሦስቴ ጠርቶ ቆሞ፣ እንደገና አንዴ ከጠራ ‹አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጃንተከል ዋርካ ስር›፡፡ እናቴ አጠገቤ ቡና እየቆላች ስልኬ ይጠራል፡፡ እሷ ጩኸት ነው የሚሰማት፣ እኔ ግን ወሬ ነው የምሰማው፡፡»

ሳንቲም የማያስወጣ ወሬ! እንዴት ደስ ይላል?

ነገሩ ለሀገራችን አዲስ አይደለም

ሞባይል ኢትዮጵያ የገባው በ1991 ዓ.ም ነው፡፡ ያኔ ስልክ የያዘ ሰው እንደ ባለመኪና ይታይ ነበር፡፡ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ የጽሑፍ መልዕክት ተቋርጦ እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ ድረስ ቆየ፡፡ ካርድ የሌለው፣ መልዕክት መላክ የማይችል ፍቅረኛ ምን ቀረው? ጠርቶ መዝጋት ብቻ፡፡ ጥሪው ካልተነሳ ሂሳብ የለምና!

እንዲያውም ነገሩን ወደኋላ ብንስበው ከሞባይልም ይቀድማል፡፡ ልጆች ሆነን ትልልቆቹ እንዳይሰሙን በየቃሉ መሀል ሌላ ድምፅ እየሰነቀርን «የወፍ ቋንቋ» ስንነጋገር አልነበር? በአዝማሪዎቿ የታወቀችውን ቡርቧክስንስ ማን ይረሳታል? አዝማሪ በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር ታዳሚውን ሲያስቅ ያመሻል፤ ከባልንጀራው ጋር ግን ሌላው የማይገባው የራሱ ቋንቋ አለው፡፡ ምትና ዜማ ውስጥ ሚስጥር መደበቅን ጎንደሬ ከማንም አይማርም፡፡

የቪዲዮ ጌም የምትወዱም ታውቁታላችሁ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1986 ኮናሚ የተባለው የጃፓን ድርጅት «ግራዲየስ» የተባለ ጌም ለቤት መጫወቻ ሲያዘጋጅ ሠሪው ራሱ ከበደውና ለሙከራ የሚረዳውን ምስጢራዊ ኮድ ደበቀበት፡፡ ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ፡፡ በዚህ ቅደም ተከተል የነካ ተጫዋች ኃይሉ ባንዴ ይሞላለታል፡፡ ኮዱ ሳይጠፋ ቀርቶ ዓለም አወቀው፡፡ ይኸው ድርጅት ነው በ1998 በእግር እየረገጡ ከሙዚቃው ምት ጋር የሚጨፍሩበትን «ዳንስ ዳንስ ሪቮሉሽን» ያወጣው፡፡

ጌም ውስጥ ኮድ ተሳስታችሁ ብትነኩ ምን ይመጣል? ምንም፡፡ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ፡፡ ስልክ ላይስ?

ደባሉ ምቱን ሲያውቀው

ወደ ልጆቹ እንመለስ፡፡ አብሮት የሚኖረው ደባል የሚስኮሉን ምት ሰምቶ ሰምቶ ለመደው፡፡ አንድ ቀን ልጁ ቀትር ላይ ሸለብ ሲያደርገው ስልኩን አነሳና ሦስቴ አስጠርቶ፣ አቁሞ፣ እንደገና አንዴ አስጠራ፡፡ ለቀልድ!

ልጅቷ አምራና ተሸልማ ጃንተከል ሄደች፡፡ ዝናብ መጣ፡፡ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆማ ጠበቀች፡፡ የሚመጣ ጠፋ፡፡

«በማግስቱ ‹እኔ አልደወልኩም› አለኝ» ትላለች፡፡ «የደወለበት ቁጥር እኮ ስልኬ ላይ አለ! እንዴት ልመነው? ሌላ ሴት ይዞ ነው ብዬ ደመደምኩ፡፡»

አዲዮስ እንቅልፍ! ያን ጊዜ አንዲት ጓደኛዋ «ለምን ትቃጠያለሽ? ማን እንደሚደውልለት የምታውቂበት ኮድ አለልሽ» አለቻት፡፡ ኮዱ ሁለት ኮከብ፣ 21፣ ኮከብ፣ የራሷ ቁጥር፣ መሰላል ነው፡፡ ልጅቷም «ፎቶ ልይ» ብላ ስልኩን ተቀበለችና ነካካችው፡፡ አሥር ሴኮንድ አልፈጀባትም፡፡

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለእሱ የሚደወለው ሁሉ እሷ ዘንድ ይጠራ ጀመር፡፡ የመጀመሪያው ቀን አለቃው፣ የሰፈር ልጅ፣ ቀለም ቀቢ፡፡ ሴት የለም፡፡ እሱ ስልኩ ዝም ማለቱን «ኔትዎርክ ነው» ብሎ ተወው፡፡

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የማታውቀው ቁጥር ደወለ፡፡ አነሳችው፡፡ የወጣት ሴት ድምፅ ነው፡፡ «እሱ የለም እንዴ?»

«ደሜ ፈላ» ትላለች፡፡ «አፌ ያመጣልኝን ሰድቤ ዘጋሁት፡፡ ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳሁም፡፡»

ደዋይዋ ማን ነበረች? የልጁ ታናሽ እህት፡፡ እናታቸው በድንገት ታመው፣ ለሕክምና ወደ ጎንደር እያመጣቻቸው ነበር፡፡ ከመናኸሪያ እንዲቀበላቸው ነው ስትደውል የዋለችው፡፡ ከተማውን የማታውቅ የገጠር ልጅ በሽተኛ እናቷን ይዛ ሲመሽ መናኸሪያ ቁጭ! አንድ የማያውቁት ባለባጃጅ አዝኖ ነው ወደ ሐኪም ቤት ያደረሳቸው፡፡

እግዜር ይመስገን፣ እናትየው ድነዋል፡፡ ልጁ የሰማው ግን በማግስቱ፣ ከአገሩ የመጣ ሰው መንገድ ላይ አግኝቶ ሲነግረው ነው፡፡ ስልክ ቤት ያለ ጓደኛው *#21# ብሎ ሲያየው የማን ቁጥር ይምጣ? የእሷ!

አልጮኸባትም፡፡ አልሰደባትም፡፡ «እኔን መጠርጠርሽ ይሁን» አላት፤ «እናቴ ግን ምን አደረገችሽ?» ከዚያ ወዲያ ስልኳ አንዴም፣ ሁለቴም ጠርቶ አያውቅም፡፡

ደባሉ ይህን ሁሉ ሲሰማ «እኔ ነኝ ያስጠራሁት» ብሎ ቀልዱን አመነ፡፡ ምን ዋጋ አለው!

እስቲ ኮዶቹን እንወቃቸው

በኮከብና በመሰላል የሚጻፉ ኮዶች ጥንቆላ አይደሉም፡፡ ለስልኩ ወይም ለኔትዎርኩ የሚሰጡ ትዕዛዞች ናቸው፡፡

*#06# የስልካችሁን የግል መለያ ቁጥር ያሳያል፡፡ ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ ስልክ ቢሰረቅ ይጠቅማል፡፡

*#21# ጥሪያችሁ ሁልጊዜ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞር ተደርጎ እንደሆነ ይነግራችኋል፡፡ «ስልካችሁ ተጠልፎ እንደሆነ ያሳያል» የሚባለው ውሸት ነው፡፡ የሚያሳየው ጥሪ መዞሩን ብቻ ነው፡፡

##002# የተዘዋወረን ጥሪ ሁሉ ይሰርዛል፡፡ ስልካችሁ ያለወትሮው ዝም ካለ ይህን ሞክሩ፡፡ ጥሪ ሲዘዋወር ሂሳቡ ባለስልኩ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ቀሪ ሂሳብ ሲጎድልም ልብ በሉ፡፡

ካርድ ላለቀበት የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ደግሞ *807* ብሎ የሚፈልገውን ቁጥርና መሰላል ቢጨምር «መልሰህ ደውልልኝ» የሚል መልዕክት ይደርስለታል፡፡ ይኼ ከሚስኮል ይሻላል፤ ደባል አይተረጉመውም!

ሌባም ይህን መንገድ ያውቀዋል፡፡ የማታውቁት ሰው ደውሎ «ሽልማት ደርሶሃል፣ ይህን ኮድ ንካ» ካላችሁ አትንኩ፡፡ «የቴሌብር ምስጢር ቁጥርሽን ንገሪኝ» ካለም ዝጉበት፡፡ ትክክለኛ ድርጅት ምስጢር ቁጥራችሁን አይጠይቅም፡፡

ለፍቅረኞች ምን እንመክራለን?

በሚስኮል ተጫወቱ፣ ማን ይከለክላችኋል? ቀጠሮን የሚያህል ነገር ግን በምት ብቻ አትያዙ፡፡ ጥርጣሬ ከገባችሁ ደግሞ ጠይቁ፡፡ ልጅቷ ያን ቀን ብትጠይቅ፣ ከልጁም ጋር ሆነው ስልኩ ማን እጅ እንደነበረ ቢያስቡ፣ ደባሉ በአንድ ቃል ይያዝ ነበር፡፡

የሌላውን ስልክ መበርበር ለጊዜው ያሳርፍ ይመስላል፡፡ ነገር ግን ስልክ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፡፡ ከጀርባው እናት አለች፣ እህት አለች፣ በሽተኛ አለ፡፡

ልጅቷ ስትሰናበተን እንዲህ አለችን፡- «አሁንም ስልክ ሁለቴ ጠርቶ ከቆመ ልቤ ይዘላል፡፡ ሳየው ግን የተሳሳተ ቁጥር ነው፡፡»